በዘይቱኑ በኩል ያለው ክፍል

ቢሾፍቱ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወ/ሮ ብርቅአየሁ፤

ዘመን ከዘመን ያሸጋገረን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እርስዎስ ብርዱን እንዴት ያዙት? ባለቤቴ ሊዲያ፣ ልጄ ምኞትና ሁለቱ ታናናሾቿ ጉልበትዎን ይስማሉ። በስልክ ሁልጊዜ እየተጣደፍን ስለምንዘጋና እርስዎም «ቁም ነገር በወረቀት ነው» ስለሚሉ፣ ይኸው ጻፍኩ።

ክፍልዎ እንዳለ ነው። አያቴ ስትሞት «ብርቅአየሁ እስክትመለስ በዚህች ክፍል ማንም እንዳይገባ» ብላ እንዳስማለችኝ በሩ ተቆልፏል፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ለፋሲካ የሚመጡ ከሆነ በሩን ቀለም ላስቀባ አስቤአለሁ። የትኛውን ቀለም እንደሚወዱ ይጻፉልኝ።

የሰፈሩን ወሬ ከጠየቁኝ፣ የጎረቤታችን የሐዋዝ ፎቅ አለቀ። ባለሦስት ፎቅ ነው፤ ምድሩን ፋርማሲ ተከራይቶታል። ገንዘቡን የላኩት ስቶክሆልም ያሉት ወንድሙ ቶሎሳና ሚስቱ ደሚቱ ናቸው። እርስዎ በሄዱበት ዓመት የሄዱ ናቸው አይደል? ባለፈው እሑድ ዕድር ላይ አንዱ፣ «የጴንጤዎቹ ስዊድንና የእናንተ ስዊድን ልዩ ልዩ ነው እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው ተከትሎኝ ገባ። በክፉ አይዩብኝና፣ እነርሱ ፎቅ ሲሠሩ እኛ ያልቻልነው እውነት ለምንድን ነው?

በትምህርት ቤታችን የመምህራን የቤት ማኅበር ተቋቁሟል። እኔ ገና አላሰብኩበትም።

አክባሪዎ ሲራክ


ሮግስቬድ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፤

ሰላሙንና ጤናውን ለቤታችሁ ያብዛላችሁ። ደብዳቤህ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ደረሰኝ። በወረቀቱ ጀርባም መጻፍህ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ወዲህ እያለፈ ዐይኔን ያደክመዋል። በአንድ በኩል ጻፍ።

ዕድር ላይ ላሳቀብህ ሰው ንገረው፤ ስዊድን አንድ ናት። ቶሎሳና እኔ የገባነው በ1977 ነው፤ እነርሱ በኬንያ፣ እኔ በሱዳን በኩል። የመጀመሪያ ሥራችንም አንድ ነበር። በአንድ ሆስፒታል እርሱ የምድር ቤቱን፣ እኔ የአራተኛውን ፎቅ ወለል እየወለወልን ዓመት ከስድስት ወር ቆይተናል። በኋላ እርሱ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ እኔ ሽማግሌና አሮጊት አጣቢ። ደመወዛችን ቢበላለጥ በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው። እነርሱ ቀዩ ባቡር የሚያልቅበት ኖርስቦሪ፣ እኔ በአረንጓዴው መስመር ሮግስቬድ ገባን። ከዚያ ወዲህ መንገዳችን እንዴት እንደተለያየ በጭምጭምታ አልጽፍልህም። ደሚቱን ሄጄ እጠይቃታለሁ።

ስለ እኛ ግን የማውቀውን ልንገርህ። በዚህ ሕንፃ በሱዳን በኩል የመጣን ዘጠኝ ቤተሰብ ነበርን። በየወሩ በሚካኤል ማኅበር እንጠጣ ነበር፤ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ዛሬ ሁለት ቤት ቀርተናል። ይህን የሚነግረኝ የልብስ ማጠቢያው ሰሌዳ ነው። እዚህ ለሕንፃው ሁሉ አንድ የማጠቢያ ክፍል አለ፤ ሰው ተራውን የሚይዘው የቤቱ ቁጥር ያለበትን ትንሽ ጓጉንቸር በሚፈልገው ቀንና ሰዓት ላይ ቆልፎ ነው። ድሮ የቅዳሜ ረድፍ የእኛ ጓጉንቸሮች ብቻ ነበሩበት። አሁን የእኔና የጎረቤቴ የእሸቱ ብቻ ናቸው።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለፋሲካ እመጣለሁ። በሩን አረንጓዴ እንዳታስቀባው፤ ሆስፒታል ይመስላል። ለምኞት የደብተር መግዣ ልኬአለሁ። መድረሱን በራሷ እጅ ጽፋ ትንገረኝ።

ብርቅአየሁ


ቢሾፍቱ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

የላኩት ደርሶናል፤ እጅዎ አይንጠፍ። ምኞት ለብቻዋ ጽፋልዎታለች፤ የመስመሩን መንጋደድ አይቆጡባት። ትጉ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ደብተሯ ነው። የዘይቱኑ ቅጠል እየረገፈ ደብተሯ ላይ ይወድቃል፤ «መስኮቱን ዝጊው» ብላት «ይሸተኛል፣ ደስ ይለኛል» ትላለች።

ክፍልዎ ደኅና ነው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ያ የነገርኩዎት የቤት ማኅበር ቦታ ተመርቶለታል። አባል የሚሆነው እስከ ሰኔ መጨረሻ ተመዝግቦ፣ ማሟላት ያለበትን አሟልቶ ነው። ብቻ አንድ ነገር አለው፤ ለእኛ ለቀበሌ ቤት ነዋሪዎች። እሱ ይቆይ፤ ገና ጊዜ አለ።

ለፋሲካ መምጣትዎ ቁርጥ ነው ወይ? የምጠይቅዎት ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ቁርጥ ከሆነ እሰየው። ካልሆነም ምንም አይደለም፤ ማወቁ ብቻ ነው።

የደሚቱን ነገር አደራ አይርሱ። ሐዋዝ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያየኝ እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ጀምሬአለሁ።

አክባሪዎ ሲራክ


ሮግስቬድ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፤

በጤና ያቆያችሁ። ሁለት ወር ማለፉን አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ለመጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ኖርስቦሪ የሄድኩት ከጥምቀት በኋላ ነው። መንገዱ በረዶ ስለነበር ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታቸው የአሥር ደቂቃውን መንገድ በግማሽ ሰዓት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ቶሎሳ ነው።

«እትዬ ብርቅአየሁ! ዛሬም ድምፅ ሊያስቆጥሩ መጡ?»

«ዝም በል አንተ፤ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም» አለች ደሚቱ ከውስጥ።

«ምን አልኩ? ጸሐፊ ናቸው ብዬ ነው እንጂ።»

ልጃቸው ፌበንም ነበረች። ነርስ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ሾርባ ቀረበ፤ ጾም ነው ብዬ እምቢ እንዳልል ደሚቱ ቀድማ «ምስር ነው፣ ዘይት ብቻ ነው፣ ረቡዕ መሆኑን አልረሳሁም» አለችኝ። ማንኪያውን አስቀምጬ በቀጥታ ጠየቅኋት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም።

«ደሚቱ፣ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?»

«ምኑን?»

«ፎቁን።»

ሳቀች። «እትዬ፣ እኛ የቻልነው ፎቁን አይደለም። ይኼን ነው» ብላ የተቀመጠችበትን ቤት ወለል በእግሯ መታች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃው ባለቤት ቤቶቹን ለተከራዮቹ ሊሸጥ ፈቃደኛ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ቦስታድስሬት ይሉታል። የእነርሱ ጸሎት ቤት ከስዊድኖቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበረና፣ ከጸሎት በኋላ ሦስት እሑድ ሙሉ ወረቀት ዘርግቶ አስረዳቸው።

«እኔ ፈርቼ ነበር» አለች ደሚቱ። «ብድር ኃጢአት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ኪራይስ መቼ ዕዳ መሆን ቀረ? ልዩነቱ የኪራይ ዕዳ ለልጅ የሚተርፍ ነገር የለውም› አለኝ። ፈረምን። ቤቱ ከዓመት ዓመት ዋጋው ሲወጣ ባንኩ በእሱ ላይ ተበድራችሁ ውሰዱ አለን። የሐዋዝ ፎቅ ከዚያ ነው የመጣው። ከቶሎሳ የአውቶቡስ መሪ አይደለም።»

«እነሱ አርባ ዓመት ሻንጣ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ወንበር ገዛን» አለ ቶሎሳ።

«አንተ ደግሞ! መቼ ተቀመጥክበትና? በስድሳ ሰባት ዓመትህ ከአውቶቡስ በሁለት ሰው ተደግፈህ ነው የወረድከው።» ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እንዳይመስልዎ። ፎቁን ያየነው በስልክ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ተከራይ አላገኘም። ሐዋዝ ሲደውል ‹እንደምን አላችሁ› የሚለን የባንኩን ወለድ ከነገረን በኋላ ነው።» ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «እናንተንስ በዚያን ጊዜ ማን መከራችሁ?»

«እኔ» አልኳት።

ፌበን ማንኪያዋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበት ሕመም አወራን።

ሲራክ፣ ለማንም ጽፌው የማላውቀውን እጽፍልሃለሁ። ኅዳር 2000 ነው። በእኛ ሕንፃ ሃምሳ አራት ቤት አለ። ሕንፃውን ለመግዛት ሠላሳ ስድስት ቤት እጁን ማውጣት ነበረበት። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ዋዜማ የሚካኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነበር። እሸቱ «እንግዛ ወይስ እንተው?» ብሎ ጠየቀ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «ለመንገደኛ ቤት ምን ያደርግለታል? እዚህ ቤት የገዛ አገሩን ሸጠ።» ደስ የሚል ንግግር ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይም በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩት። በማግስቱ ሠላሳ ሁለት እጅ ወጣ። የዘጠኛችን እጅ ጉልበታችን ላይ ነበር። አራት ጎደለ፤ ነገሩ ቀረ።

ልብ በል፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ለሃያ ሦስት ዓመት «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» ስል ነበር። መጀመሪያ መንግሥት እስኪለወጥ አልን። ተለወጠ። ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ አልን። ጨረሱ። ከዚያ ጡረታ እስኪደርስ አልን። በሁለቱ ጸሎት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ከጠየቅኸኝ፣ የባንክ ሠራተኛ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ ኖሮ እኔ አላስገባውም ነበር።

ዐምና የሕንፃው የውኃ ቧንቧ በሙሉ ተቀየረና ኪራዩ በእኩሌታ ያህል ጨመረ። እሸቱ ሰባ ዓመቱ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲያጸዳ ነበር። አልቻለም። በጥር ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጁ ሄደ፤ ሳሎን ነው የሚተኛው። የመጨረሻውን ካርቶን ሲያወርድ ደረጃው ላይ ጠበቅሁት።

«እሸቱ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት።

«ተዉ እንጂ እትዬ» አለኝ። «እጄን ያላወጣሁት እርስዎን አይቼ ነው፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ የቀረው የእኔ ጓጉንቸር ብቻ ነው፤ እርሱም እስከ ግንቦት። ከዚያ ማድቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ወዳለበት ባለ አንድ ክፍል ቤት እገባለሁ።

ለፋሲካ አልመጣም። ለቲኬቱ የያዝኩትን ኪራዩ በላው፤ ጉልበቴም አያስኬድም።

የቤት ማኅበሩን ነገር ሁለት ጊዜ ጀምረህ ሁለት ጊዜ አቋረጥከው። ያ «አንድ ነገር» ምንድን ነው? በእኛ ጊዜ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ መቀመጥ አይፈቀድም ነበር። ጨርሰው።

ብርቅአየሁ


ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

አይዘኑ። ደብዳቤዎን ለሊዲያም አነበብኩላት። ለፋሲካ ባይሆን ለሌላ ጊዜ ይሆናል።

አዝዘውኛልና ልጨርሰው። የቀበሌ ቤት ያለው መምህር በማኅበሩ ለመግባት የቀበሌውን ቤት ማስረከብ አለበት። ሙሉውን፤ በጓሮ ካለችው ከእርስዎ ክፍል ጋር። እኔ ደግሞ ለአያቴ ምያለሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠይቆኛል። ባለፈው ዓርብ «ስሜን ሰርዙት» አልኩት። «ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ምን ያስቸኩልሃል፣ አስብበት» ብሎ አልሰረዘኝም፤ በእኔ በኩል ግን ያለቀ ነው። ልጆቹ እንደምንም ያድጋሉ። ክፍልዎ ይጠብቅዎታል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

አክባሪዎ ሲራክ


ሮግስቬድ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲራክ፤

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የደሚቱ ልጅ ፌበን ናት። ወላጆቿ ያላዩትን ፎቅ ልታይላቸው ለፋሲካ እየመጣች ነው። ያንተ የአሁኑ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ደረሰኝ፤ የእኔን በፖስታ ብልከው ግን ወር ይፈጃል፣ ሰኔም እየቀረበ ነው። አማርኛ ለመናገር ብትቸገር አትሳቅባት፤ ከእናቷ ቤት እኔ ቤት ድረስ ይህን ልትወስድ በበረዶ መጥታለች።

አሁን በጥሞና አንብብ። ከዚያ ግቢ የዘይቱኑን ዛፍ የሚያይ መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ ክፍል መስኮት ነው። ቅጠሉ የምኞት ደብተር ላይ እንደሚወድቅ በኅዳር ጽፈህልኛል። አልጋው እንደተነጠፈ የጻፍክልኝ በዚያው ገጽ፣ ከሁለት መስመር በታች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄአለሁ። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ልጅ የምትማርበት በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቴን ለመጻፍ ግን እንደማልመለስ መጻፍ ነበረብኝ፤ እርሱን ፈርቼ ነው።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ለመኖር አልመለስም። ዘንድሮም፣ በሚቀጥለው ዓመትም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሐኪሜ፣ መድኃኒቴ፣ የልጅ ልጄ እዚህ ናቸው። እግሬ ቢጠና ለሁለት ሳምንት እንግድነት እመጣለሁ፤ እርሱንም ቃል አልገባም።

መሐላው የተማለው ለእኔ ነው። የተማለለት ሰው ሊፈታው ይችላል፤ ይህን ለማረጋገጥ ቄሳችንን ጠይቄአለሁ፣ «ማንም ሳይገባባት እንድትቀር የተማለላት ክፍል አስቀድሞ ተገብቶባት እንደሆነስ?» ብዬ ጭምር። ሳቁ። «ለእርሱም ይፈታ» አሉ። ተፈትተሃል።

አንተ ግን ስምህን ሰርዙት ያልከው ለእኔ ብለህ እንደሆነ አትንገረኝ። እሸቱም እንደዚያ ነበር። አንድ ወደ አገሩ የማይመለስ ሰው ስለ ተናገረው ነገር ሌላው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ዛሬ የልጁ ሳሎን ውስጥ ይተኛል። ዘጠኝ ቤት በአንዲት ንግግሬ አስቀርቻለሁ። አሥረኛውን አላስቀርም። ፋሲካው እንዳለፈ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደህ እጅህን አውጣ።

እዚህ ሰው ቤት ሲለቅ የባለቤቱ ሰው መጥቶ ቁልፍ ይቆጥራል። ሦስት ተቀብሎ ሁለት የመለሰ ይከፍላል። ደግ ሕግ ነው። አያትህ ስሸኝ በመዳፌ ያስጨበጠችኝን ቁልፍ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌአለሁ። ቤቱን ስታስረክብ አብረህ አስረክበው። የተረከብነውን ሁሉ መልሰናል።

የትንሣኤው ብርሃን በቤታችሁ ይሁን።

ብርቅአየሁ


ቢሾፍቱ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? አዲሱ ቤትዎ ተስማማዎት? ማድቤቱ ጥግ ላይ ነው ካሉኝ ጀምሮ ሊዲያ «ሲያበስሉ ጢሱ አልጋቸው ላይ ነዋ» እያለች ትጨነቃለች።

ተመዝግቤአለሁ። ቤቱን ትናንት አስረከብን። ማኅበሩ ለአባላቱ ያቆመው አዲሱ ቤት ገና ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው፤ በር የለውም፣ ለጊዜው ቆርቆሮ አቁመንበታል። ሐዋዝ ዕቃ በመኪናው አመላለሰልን። ፌበን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ባዶነቱን ካየች በኋላ ሰውየው ተለውጧል፤ ሰላምታም ቀድሞ ይሰጠኛል።

እኔ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ምኞት ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው ክፍሉን የከፈትኩት። ቁልፉ ስላልነበረኝ ቁልፍ ሠሪ አምጥቼ አስቀየርኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አልጋው እንደተነጠፈ ነው» ስልዎ ልጆቹ ከእሱ ላይ እየዘለሉ ነበር። አንድ እግሩ የተጠገነ ነው።

የቀበሌው ሰው ቁልፎቹን በር በበር ሞከራቸው። የእርስዎ ሲደርስ አገላብጦ አየውና «ይኼ የዚህ ቤት አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ነው ብዬ አልተከራከርኩም። ምኞት ተቀበለችኝ፤ አሁን አንገቷ ላይ ነው።

ከአሁን በኋላ ያልሆነውን አልጽፍልዎም። በአዲሱ ቤት ሁለት ክፍል ነው ያለው፤ ለእርስዎ የተለየ ክፍል አላስቀረንም። አልጋዎን ግን ይዘነው ወጥተናል። ምኞት ትተኛበታለች። እንግዳ ሲመጣ ትለቃለች።

ሲራክ